እርማት፦ ነጥቦች ተደራረቡ ማለት ምድቦቹ አልተለዩም ማለት አይደለም
ከአዘዞ ቤተሰቦች በተሰበሰበው የ«አዎ» ወይም «አይደለም» መጠይቅ ቤተሰቦቹን በመልሳቸው መመሳሰል በምድብ ከፍለውና እያንዳንዱን ቤተሰብ በሥዕል ላይ በነጥብ አሳይተው፣ «በሥዕሉ ላይ ነጥቦቹ ስለተደራረቡ ምደባው ከሽፏል» ብለው መጻፍዎ የተለመደ ስሕተት በመሆኑ እርማት ያሻዋል። አምስት ጥያቄዎች የሚያስገኙት የመልስ ጥምረት 32 ብቻ ስለሆነ፣ 300 ቤተሰቦች ቢጠየቁም በሥዕሉ ላይ ከ32 የበለጡ የተለያዩ ነጥቦች ሊታዩ አይችሉም፤ በአንዱ ነጥብ ሥር ሃያ ቤተሰብ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ይልቅ ምድቦቹን በረድፍ፣ ጥያቄዎቹን በዓምድ አድርገው እያንዳንዱን ሣጥን «አዎ» ባሉት መቶኛ ቢያቀልሙት፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው የትኛው ምድብ ውስጥ እንደበዙ ወዲያው ይታያል። (የርቀት መለኪያውንም፣ ማለትም ሁለት ቤተሰቦች በመልሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚለካውን ስሌት፣ ይመልከቱ፤ የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ዣካር በ1901 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ ሁለቱም «አይደለም» ያሉትን ጥያቄ አይቆጥርም፤ ሁለቱም መኪና የሌላቸው ቤተሰቦች በዚያ ብቻ አይመሳሰሉምና።)