ፎቶው ላይ የማይታዩት አንቀጾች

ሁለት ባለሥልጣናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፈርማሉ፣ ሰነድ ይለዋወጣሉ፣ ይጨባበጣሉ፤ ካሜራው ያነሳቸዋል። ማታ በዜና «ታሪካዊ ስምምነት ተፈረመ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሰነዱ የምንሰማው ወይ ሲጣስ ነው፣ ወይ አንዱ ወገን «ወጥቻለሁ» ሲል። ያኔ ደግሞ «ዓለም አቀፍ ሕግ እኮ ድሮም ወረቀት ነው» ማለት ይከተላል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰነዱን ካለማንበብ ይመስለኛል፤ በተለይም የመጨረሻ ገጾቹን። መግቢያው ላይ ስለ ወዳጅነትና ስለ ሰላም የተደረደረውን ቃል ማንም ይፈርመዋል። መቼ ነው ሥራ ላይ የሚውለው? ማን የትኛውን አንቀጽ ሳይቀበል ሊገባ ይችላል? ክርክር ሲነሳ ዳኛው ማነው? ልውጣ ያለስ በየት በኩል ይወጣል? የስምምነት ጉልበቱም ድክመቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊርማው እንጀምር። ስምምነቶች የሚመሩበትን ሥርዓት የደነገገው በ1969 የወጣውና በ1980 ሥራ ላይ የዋለው የቪየናው የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን ነው። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ማጽደቅን የሚጠይቅ ስምምነት ላይ መፈረም ብቻውን አገርን በይዘቱ አያስገድድም። የፈረመ አገር ግዴታው፣ እስኪያጸድቅ ወይም አላጸድቅም ብሎ በግልጽ እስኪያሳውቅ ድረስ፣ የስምምነቱን ዓላማ ከሚያከሽፍ ተግባር መቆጠብ ነው። የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ስምምነት በ1996 ለፊርማ ቀረበ፤ ከ180 በላይ አገሮችም ፈረሙት። እስከ ዛሬ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። በአባሪው ላይ በስም የተዘረዘሩት 44 አገሮች አንድም ሳይቀሩ ካላጸደቁት እንደማይጸና አንድ አንቀጹ ይደነግጋል። አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ሰሜን ኮሪያ ከጎደሉት ውስጥ ናቸው፤ ሩሲያ ደግሞ ያጸደቀችውን በ2023 መልሳ ሻረች። የፊርማው ዕለት ዜና ያነበበ ሰው ግን የኑክሌር ሙከራ ያኔውኑ የተከለከለ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ተቃራኒውም አለ፤ ስምምነት አይደለም የተባለው ስምምነት ሆኖ ይገኛል። በ1990 መጨረሻ የኳታርና የባህሬን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሳዑዲ ዓረቢያ በሸመገለችበት ስብሰባ ዶሃ ላይ ተገናኝተው አንድ ቃለ ጉባኤ ፈረሙ። በደሴቶችና በባሕር ወሰን ሲወዛገቡ የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ቃለ ጉባኤው ሽምግልናው በጥቂት ወራት ውስጥ ካልሰመረ ነገሩ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሊሄድ እንደሚችል ይገልጻል። ሽምግልናው አልሰመረም፤ ኳታርም ሄደች። ባህሬን «የተፈረመው የስብሰባ መዝገብ ነው እንጂ ስምምነት አይደለም» ብላ ተከራከረች። የባህሬኑ ሚኒስትርም አገርን የሚያስገድድ ስምምነት የመፈረም ሐሳብ እንዳልነበራቸው ገለጹ። ፍርድ ቤቱ በ1994 ሚኒስትሩ በልባቸው ምን እንዳሰቡ መመርመር አላስፈለገውም። የተጻፈውን አነበበ፦ ሁለቱ መንግሥታት የተቀበሏቸው ግዴታዎች ተዘርዝረዋል፣ ፊርማም አርፎበታል፤ ስለዚህ ስምምነት ነው አለ። የሚገርመው፣ በ2001 የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ዋነኞቹን የሐዋር ደሴቶች ያገኘችው ያው አልሄድም ስትል የነበረችው ባህሬን ናት። የሰነዱ ርዕስ «ውል» ይሁን «ፕሮቶኮል» ወይም «ቃለ ጉባኤ»፣ ሕጉ የሚመዝነው ይዘቱን ነው። ከስብሰባ ወጥቶ «ለመግባቢያ ያህል» ብሎ የሚፈርም ባለሥልጣን ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የማስፈጸሙ ነገር ከዚህ ይከብዳል። የቪየናው ኮንቬንሽን አንቀጽ 27 አንድ አገር የራሱን ሕግ ስምምነትን ላለመፈጸም ሰበብ ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። በተግባር ግን እንዲህ ሆኗል። በ1963ቱ የቆንስላ ግንኙነት ኮንቬንሽን፣ የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሳይዘገይ ሊነገረው ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ሞት የተፈረደባቸው ሜክሲኳውያን ይህ አልተነገራቸውም። የሄጉ ፍርድ ቤት በ2004 የ51ዱ መብት መጣሱን ወስኖ ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ግዴታው በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዳለ ሳይክድ፣ ኮንግረሱ ሕግ ካላወጣ በስተቀር የሄጉ ውሳኔ በቀጥታ የአገር ውስጥ ሕግ አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቴክሳስ ከሰዎቹ አንዱን በሞት ቀጣች። አሜሪካ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሄግ የሚያደርሰውን ፕሮቶኮል ቀድማ በ2005 ለቃ ወጥታለች። ስምምነቱ ራሱ ግን ዛሬም ያስገድዳታል። «ወረቀት ነው» የሚሉት እዚህ ላይ ማስረጃ አላቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ክፍተቱ የተፈጠረው ስምምነቱን የሚያስፈጽም የአገር ውስጥ ሕግ ባለመውጣቱ ነው። ምክር ቤት አጨብጭቦ ሲያጸድቅ ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛውን ሕጋችንን ልንቀይር ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሲነሳ የምንሰማው ስንት ጊዜ ነው?

መውጫውን በተመለከተ ሰሜን ኮሪያን የሚያህል ምሳሌ የለም። የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት ልውጣ የሚል አገር ምክንያቱን ገልጾ የሦስት ወር ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ፒዮንግያንግ በ1993 ማስታወቂያ ሰጠችና ሦስት ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው አቆመችው። በ2003 «የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው» ብላ በማግስቱ ወጥቻለሁ አለች። አባል አገሮቹ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አንድ አቋም አልያዙም። በሌላ በኩል በኃይል ዘርፍ የሚደረግን ኢንቨስትመንት የሚጠብቀው የኢነርጂ ቻርተር ስምምነት የወጣውንም አይለቅም፦ አገሩ ከወጣ በኋላም ቀድሞ ለገባው ኢንቨስትመንት 20 ዓመት ጥበቃ መስጠቱን ይቀጥላል። ጣሊያን በ2016 ወጥታ በ2022 በዚሁ ስምምነት ካሳ ክፈይ ተብላለች፤ ውሳኔው ኋላ ቢሻርም።

የኋላ ገጾች ሁልጊዜ ማሰሪያ ወይም ማምለጫ አይደሉም። ኦዞንን ለመጠበቅ በ1987 የተደረሰው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አባላቱ ከአባል ካልሆነ አገር ጋር በተከለከሉት ኬሚካሎች እንዳይነግዱ ከለከለ፤ ስለዚህ ውጭ መቅረት ኪሳራ ሆነ። የተዘረዘሩት ኬሚካሎች የሚቀነሱበትን ፍጥነት ደግሞ፣ እያንዳንዱ አገር እንደገና እስኪያጸድቅ ሳይጠበቅ፣ በአባላቱ ስብሰባ መቀየር ይቻላል። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆኖ ያላጸደቀው አገር የለም። ይህን ያመጣው የመሪዎች ደግነት ነው ብዬ አላምንም፤ አንቀጾቹ በብልሃት ስለተጻፉ ነው።

በ2025 ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌንያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ፀረ ሰው ፈንጂን ከሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት ለመውጣት ማስታወቂያ አስገቡ። ጦርነት ላይ አልነበሩምና መውጫቸው እንዲጸና ከማስታወቂያው በኋላ ስድስት ወር በቂያቸው ነበር። የ1997 አርቃቂዎች ግን ጦርነት ሲጀመር ፈንጂ መጠቀም እንደሚያጓጓ ያውቁ ነበርና አንድ ሐረግ ጨምረዋል፦ በትጥቅ ግጭት ላይ ያለ አገር መውጫው የሚጸናው ግጭቱ ሲያበቃ ነው። ዩክሬን ስለዚህ በዚያ በር መውጣት አትችልም። የስምምነቱን ተፈጻሚነት ማገዷን የሚገልጽ ማስታወቂያ ላከች፤ የኦታዋ ስምምነት ስለ ማገድ የሚለው ነገር የለምና አንዳንድ አባል አገሮች አንቀበልም አሉ። ለህልውናው የሚዋጋ መንግሥት በጦርነት መሐል ሕግ አዋቂዎቹን ሰብስቦ፣ በ1997 በሰነድ መጨረሻ ላይ በገባ አንድ ሐረግ ላይ ይከራከራል።