ስለ አንዲት መርከብና ስለ መርከበኞቻችን

እኔ በምኖርባት በስዊድኗ ከተማ በጎተንበርግ፣ ከወደቡ አፍ ላይ፣ በ1745 (ይህም ሆነ ሌሎቹ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የንግድ መርከብ ሰጠመች። ስሟም የከተማዋ ስም ነበር። የስዊድን ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንብረት ስትሆን ከሦስተኛ የቻይና ጉዞዋ እየተመለሰች ነበር። ሠላሳ ወር ውቅያኖስ አቋርጣ አገሯ ደጃፍ ላይ ከአለት ጋር ተላተመች። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

የነዚያን ሰዎች ድካም ሳስበው ይገርመኛል። ብረትና እንጨት ጭነው ስፔን ካዲዝ ይሸጣሉ፤ በዋጋው ከአሜሪካ ማዕድን የወጣ ብር ይይዛሉ፤ በቻይናዋ ወደብ በካንቶን ያለ ነጋዴ የሚፈልገው ብር ነውና። በመጨረሻው ጉዞ ወቅቱን የጠበቀው ነፋስ ስላመለጣቸው ጃቫ ላይ ለወራት ተቀምጠዋል። ሲመለሱ ሻይ፣ ሐር፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የፖርሴሊን ስኒና ሳህን ይዘው ነበር። ከሰጠመው ጭነት ሲሶው ያህል ወጥቶ በጨረታ ሲሸጥ ኩባንያው ያን ጊዜም አትርፏል።

ልብ በሉ፤ ኩባንያው ምሥጢሩ እንዳይወጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሒሳብ መዝገቡን ያቃጥል ነበር። ስዊድኖቹ ግን «ጽሑፍ የለንም» ብለው አልተዉትም። በ1984 ጠላቂዎች ስብርባሪዋን አገኙ፤ ዓመታት የፈጀ ቁፋሮ ከጭቃው ውስጥ ተካሄደ፤ አምሳያዋን ሠርተው በ2005 ወደ ቻይና ላኩ። የጥንቱ የኩባንያው ሕንፃ ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው።

እኛ ስለ ባሕር ስናወራ ከአዱሊስ እንነሣና በቀጥታ ወደ ወደብ ክርክር እንዘላለን። መሐል ላይ ያሉት ሰዎች ይጠፋሉ። የኢትዮጵያ የመርከብ ድርጅት በ1964 ተቋቋመ። ወደብ ካጣን በኋላም መርከቦቻችን መጓዛቸውን አላቆሙም፤ ሐዋሳ፣ ጅጅጋ፣ መቀሌ የሚባሉት ቻይና የተሠሩ ናቸው፤ ቢሾፍቱ ካለው የባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ የሚወጡ ልጆችም በዓለም ባሕር ላይ ይሠራሉ። ከአሰብ ተነሥቶ የሩቅ አገር ወደብ ያየ መርከበኛ በየከተማው፣ በስደትም አገር አለ። ያሳለፈውን ማዕበል፣ በበዓል ቀን መርከብ ላይ ምን እንደበላ፣ ደመወዙን በማን እጅ ለቤተሰቡ እንደላከ ማን ጠየቀው? ቴሌቪዥናችን ስለ መርከቦቹ የሚነግረን የጭነቱን ቶን ነው።

ስልክ የያዘ የልጅ ልጅ አጎቱን ወይም አያቱን አስቀምጦ ድምፃቸውን ሊቀዳ ይችላል፤ ሙዚየም እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የመርከብ ድርጅታችን ሲቋቋም የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ መርከበኛ ዛሬ ሰማንያን አልፏል።