ይህን ማን በየደው?

ሁለት በያጆች አንድ አሮጌ ብየዳ ፊት ከተገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው «ይህን ማን በየደው?» የሚል ጥያቄ ነው። ጠያቂው ስም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው፤ ጥፋተኛው ደግሞ ምንጊዜም በቦታው የሌለ ሰው ነው። በሙያው ውስጥ ከዚህ ከማይታየው የበፊት በያጅ የበለጠ የሚታማ ፍጡር የለም። መስመሩ ተወላግዷል፣ ቀዳዳው በዝቷል፣ ሥሩ አልዘለቀም ይባላል። እርሱም በዚያው ሰዓት ሌላ ብረት ፊት ቆሞ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብለት ወዳጅ የለውም። ልምድ መለዋወጥ የሚባለው ትልቅ ነገር አብዛኛው ክፍሉ ይኸው ሐሜት ነው።

የሚታዘንለት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በካርቦን ዘንግ አርክ፣ ማለትም ብረት የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ፈጥሮ ብረትን ከብረት ያጋጠመው ኒኮላይ ቤናርዶስ ነው፤ በአርክ ከበየዱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለሆነ ለጉድለቱ ሁሉ የሚያሳብበው ሰው አጥቷል። በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ካርቦኑን ትቶ ራሱ እየቀለጠ ብየዳውን በሚሞላ የብረት ዘንግ ሲሠራ ግን ችግሩ ተቃለለ፤ የሚወቀስ የቀድሞ በያጅ ተገኝቷልና።

የአምፔር፣ ማለትም የማሽኑ የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን፣ ነገር ሲነሣ ጨዋታው ይደምቃል። 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብየዳውን የሚሞላው ዘንግ) እንደየዓይነቱ በግምት ከ90 እስከ 130 አምፔር እንደሚፈልግ ካርቶኑ ላይ ታትሟል፤ ዳሩ ግን ካርቶን አንብቦ ማሽን ማስተካከል በባለሙያዎች ፊት የሚያሳፍር ነገር ነው። አንዱ ከ95 ማለፍ ብረት ማቃጠል ነው ይላል። ሌላው ከ120 በታች ያለው ብየዳ ሳይሆን ማሸት ነው ብሎ ይምላል። አንጋፋው ደግሞ ለቁጥር ደንታ እንደሌላቸው፣ አርኩ ሳይቆራረጥ ሲንጣጣ ጆሯቸው እንደሚነግራቸው ገልጸው ክርክሩን ሊዘጉ ይሞክራሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የተሻለ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። የማሽኑ ቁጥሮች ተፍቀው ከጠፉ ዓመታት ስላለፉ፣ የተቀሩት የሚሟገቱት ማንም ሊያነበው ስለማይችለው ነገር ነው።

7018 የተባለው ኤሌክትሮድ ስሙ በአክብሮት ይጠራል። 70 የሚለው ቁጥር 70,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች የሚደርስ የመጎተት ጥንካሬን እንደሚያመለክት የማያውቅ በያጅ ጥቂት ነው። ደረቅ ሆኖ፣ ከታሸገበት ከወጣም በኋላ በምድጃ ሙቀት መቀመጥ እንዳለበትም ሁሉም ያውቃል፤ ካርቶኑ ግን ተከፍቶ ከጠረጴዛው ሥር፣ ውኃ ከተሞላው ባልዲ አጠገብ ይከርማል። እርጥበት የሳበ ኤሌክትሮድ ወደ ብየዳው ሃይድሮጅን ያስገባል፤ ይህም በጠንካራ ብረት ላይ የሚያመጣው ስንጥቅ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ይህ መዘግየት ለሙያው ክብር የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም፤ ብረቱ ሲሰነጠቅ በያጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ጠማማ ሆኖ ስለወጣ በርም የሚነገረው ብዙ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹን በነጥብ በነጥብ ይዞ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እያስገቡ፣ ጎን እያቀያየሩ መበየድ ያስፈልጋል። ከአንድ ጥግ ጀምሮ ሳያርፍ የዞረው ሰው ግን ፍሬሙ ሲያዘነብል መጀመሪያ ላሜራውን፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ በመጨረሻም ግድግዳውን ይከሳል። ግንበኛው፣ እንደተለመደው፣ በቦታው የለም።

ስለ ጥንቃቄ ሲወራ ሁሉም አስተማሪ ነው። ማስክ ግድ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳው ሰው ግን «ለአንዲት ነጥብ?» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይለኩሳል፤ ሌሊት ላይ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረው ጥፋቱ የአቧራው ይሆናል። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ፣ ብረት በይዶ የዚንክ ጭስ ያንቀጠቀጠውንም ወተት ጠጣ ይሉታል፤ ወተቱ ወደ ሆድ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ እንደሚሄድና ሁለቱ የትም እንደማይገናኙ የሚነግረው የለም።

ጨዋታው የሚቋረጠው ከመካከላቸው አንዱ በእርግጥ ጥሩ ሲበይድ ነው። ብየዳውን የሸፈነው ቅርፊት መዶሻ ሳይነካው ከጫፍ ተነሥቶ፣ እየተጠቀለለ ይወድቃል፤ ሥሩ ያሉት ሞገዶች ስፋታቸው እኩል፣ ጠርዛቸው ያልተበላ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ያጎነብሳሉ። አንዱ በጥፍሩ ይፈትሻል፣ ሌላው ዘንበል ብሎ ከጎን ያያል፣ ሦስተኛው ብረቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመረምራል። እንከን ያጡ ጊዜ አንደኛው ቀና ብሎ «ማሽኑ ጎበዝ ነው» ይላል፤ ሌሎቹም በአንድ ድምፅ ይስማማሉ።