ቫዮሊን ሲሰርቅ ታይቶ አያውቅም

ፊደል አላልኩም፣ ፊድል ነው ያልኩት። በአገጭና በትከሻ መሀል ተወሽቆ በቀስት የሚገዘገዘው ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ በእንግሊዝኛ «ፊድል» የሚሉት። «እሱማ ቫዮሊን ነው» የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ ዕቃው አንድ ነው። አዳራሽ ገብቶ ሱፍ የለበሰ ሰው ሲጫወተው ቫዮሊን ይባላል፣ መጠጥ ቤት ገብቶ እጅጌውን የሰበሰበ ሰው ሲገዘግዘው ፊድል ይሆናል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ልዩነቱን ሲጠየቁ «ቫዮሊን ላይ ቢራ አይደፋም» እያሉ ይቀልዳሉ።

እኔን የሚገርመኝ እንግሊዝኛ ተናጋሪው በየቀኑ ወሬው ውስጥ ጥፋቱን ሁሉ የሚለጥፈው ቢራ በተደፋበት ስም ላይ መሆኑ ነው።

ለንደን ውስጥ አንድ ሰው «ኦን ዘ ፊድል» ነው ሲባል ከሰማችሁ፣ ሙዚቃ ጀመረ ብላችሁ እንኳን ደስ አለህ እንዳትሉት። እያጭበረበረ ነው ማለት ነው። ደረሰኝ እያባዛ፣ ግብር እየሸወደ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ የፓርላማ አባላቱን የወጪ ሒሳብ ዘርግፎ አገር ጉድ ሲል ታስታውሱ ይሆናል። አንዱ የተከበሩ በግቢያቸው ዙሪያ ያለው የውሃ ቦይ የተጠረገበትን ሒሳብ ለመንግሥት አቅርበዋል፣ ሌላው የተከበሩ ደግሞ ኩሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቀዋል። ለዳክዬ! (የዳክዬው እንኳን አልተከፈለም፣ ሒሳብ ክፍሉም እንደ ሰው ነውና ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ።) ከአባላቱ ጥቂቶቹ በኋላ እስር ቤት ገቡ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጫጫታ የሰው አፍ ላይ የነበረው ቃል ፊድል ነው። «ሒሳቡን ቫዮሊን አደረጉት» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። የውሃ ቦይ ያለው ግቢ ውስጥ ማታ ማታ የሚሰማው ግን ቫዮሊኑ ይመስለኛል።

ስድቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1657 እንግሊዝ ውስጥ፣ ክሮምዌል የሚባለው ገዥ ሥልጣን ላይ ሳለ የወጣ ሕግ ፊድል መቺዎችን በስማቸው ጠርቶ ነው የከሰሳቸው። መጠጥ ቤት ውስጥ ሲመታ የተገኘ እንደ ወመኔ ይቀጣል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ «እባካችሁ ስሙኝ» ብሎ መለመንም ያው ነው። ይህ ሕግ ዛሬ ቢመለስ ቲክቶክ ላይ ማን ይተርፍ ነበር?

ከሁሉም የከፋው ግን የጥንቱ የሮም ንጉሠ ነገሥት የኔሮ ጉዳይ ነው። «ሮም ስትቃጠል ኔሮ ፊድል ይመታ ነበር» ይላሉ፣ አገር እየነደደ በማይረባ ነገር የሚጠመድ አለቃን ሲሸረድዱ። ምሳሌው ራሱ ግሩም ነው፣ የቢሮው ጣሪያ እያፈሰሰ ስለ አርማው ቀለም ሦስተኛ ስብሰባ የጠራ ኃላፊ ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል። ግን ሮም የተቃጠለችው እ.ኤ.አ. በ64 ነው፣ ቫዮሊን ጣሊያን ውስጥ የተወለደው በ16ኛው መቶ ዘመን። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሳይወለድ ተከሰሰ! ኔሮ የሚወደው ኪታራ የሚባለውን ነበር፣ የእኛን ክራር የሚዛመደውን። ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደጻፈው እሳቱ ሲነሳ ሰውየው ከተማው ውስጥም አልነበረም፣ አንቲየም የምትባል ሌላ ከተማ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ፍርዱ አንዴ ተሰጥቷል።

ስልኩን በከንቱ የሚነካካ ፊድል እያደረገ ነው። የማይረባ ወሬ ሲሰሙም «ፊድልስቲክስ!» ይላሉ፣ የፊድል ቀስት እንደማለት። ቀስቷ ምን አጠፋች?

አንድ ምስጋና አለው፣ እሱም «እንደ ፊድል ጤነኛ» የሚለው ነው። ያም ቢሆን ሲጀመር ጤናን አይመለከትም ነበር፣ ድሮ ቃሉ «ለነገሩ የተመቸ» ለማለት ነበር። ምስጋናውም በስህተት የደረሰው ነው ማለት ይቻላል።

«ሁለተኛ ፊድል መምታት» የሚሉት ደግሞ አለ። ከሰው በታች መሆን፣ ማጀብ። ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊኖች አንደኛና ሁለተኛ ተብለው ይከፈላሉ፣ ዜማውን ብዙ ጊዜ አንደኞቹ ይይዙታል፣ ሁለተኞቹ ከሥር ይሞላሉ። ሁለተኞቹን አስወጥታችሁ ብትሰሙት ሙዚቃው ባዶውን ይቀራል። ግን ምክትል ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ለማስረዳት ባይሞክር ይሻለዋል። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው እሱ፣ እንግዳ የሚቀበለው እሱ፣ አለቃው ሲያረፍድ ስብሰባውን በወሬ የሚያቆየው እሱ፣ ፎቶው ሲወጣ ግን ግማሽ ጆሮው ብቻ በጠርዙ በኩል ይታያል።

የምወደው አባባል ግን ዛሬ ዛሬ ብዙ የማይሰማው ነው። ውጪ ተጫዋች፣ ቤቱ ሲገባ ፊቱ የሚጠቁር ሰውን «ቤቱ ሲደርስ ፊድሉን ይሰቅላል» ይሉታል። እኛ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የምንለው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰውዬ የማያውቅ ማን አለ? ለቅሶ ቤት እንኳን ሰው የሚያስቅ፣ ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ሳይቀር የሚቀልድ፣ ሚስቱ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስትለው ግን «ሪሞቱ የት ነው?» የሚል።

እኛ ቤትም ነገሩ ያው ነው። አዝማሪ ሲባል ስንት ዘመን እንደ ስድብ ኖሯል። ሰውዬው ማሲንቆውን እንደያዘ መድረክ ላይ ወጥቶ መብራት ሲበራበት ግን «አርቲስት» ይሆናል፣ አንቱም ይባላል። ደላላውም ካርድ ካሳተመ ኮሚሽን ኤጀንት ነው።

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ መጻሕፍት ማሲንቆን ሲያስረዱ በብዛት የሚሉት «ባለ አንድ ክር ፊድል» ነው። ቫዮሊን ብለው አላከበሩትም። በአንድ ክር ስንት ሊያጭበረብር እንደሚችል ገምተው ይሆን?