ከኤጀንሲ የወጣ ሠራተኛም ይደመጥ

ሰው ከለቀቀው ድርጅት ላይ ትችት ሲሰነዝር «አኩርፎ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። በባሕር ዳር ካሉት የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በአንዱ በመዝጋቢነት ሠርቼ የወጣሁ በመሆኔ እኔም ይኸው እንደሚባልብኝ አውቃለሁ። ሆኖም የኤጀንሲን ጓዳ የሚያውቀው በውስጡ የሠራ ሰው ነው፤ ዛሬም እዚያው ያለው ደግሞ እንጀራውን ስለሚፈራ አይናገርም።

ለእውነቱ ከሆነ ደመወዛችን ቀኑን አያዛንፍም ነበር፤ አለቆቻችንም ሰው አያዋርዱም። ጉድለቱ ያለው ገቢው በሚገኝበት መንገድ ላይ ነው። የመዝጋቢዎች መደበኛ ደመወዝ አነስተኛ ሆኖ ቀሪው በኮሚሽን ይሞላል፤ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ግን ባስቀጠርነው ሰው ቁጥር እንጂ የተቀጠረው በሥራው ላይ በመቆየቱ አይደለም። ኤጀንሲው ለቀጣሪው የሚገባው የመተካት ግዴታ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚጸና ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የለቀቀ ሠራተኛ በነጻ ይተካል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀጣሪው እንደ አዲስ ይከፍላል። በመሆኑም ግዴታው ባበቃ ማግስት፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ላስገባናት አስተናጋጅ ደውሎ «የተሻለ ቦታ ተገኝቶልሻል» ማለት ለመዝጋቢውም ለኤጀንሲውም ያዋጣል። መዝገቡን የገለጠ ሰው የአንዲቱን ልጅ ስም በተለያየ እስክሪብቶ፣ በተለያየ ቀጣሪ ትይዩ ተደጋግሞ ያገኘዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ስለሚችል፣ እንዲህ የምትዘዋወር ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ለመሰናበት ዘወትር የተጋለጠች ናት።

ሌላው ከሥራ ፈላጊው የሚወሰደው ገንዘብ ነው። አዋጁ የግል ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ አድርጎ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መርሁ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ግን ገንዘቡ «የፎርም» ተብሎ ይሰበሰብ ነበር። ከዘጌ ወይም ከመሸንቲ የመጣ ወጣት ፎርሙን ከፍሎ ከሞላ በኋላ ደመወዝተኛ ዋስ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ደመወዙን የሚያስይዝለት ዋስ ከየት ያመጣል? ዋስ ሲያጣ ይሰናበታል፤ የፎርሙ ገንዘብ ግን አይመለስለትም። ዋስ እንደሚያስፈልግ ከመክፈሉ በፊት መንገር ይቻል ነበር፤ አይነገረውም።

ባለቤቶቹ የቢሮ ኪራይ መክበዱን፣ ፈቃድም ግብርም የሌለበት የመንገድ ደላላ ገበያቸውን መሻማቱን ያነሣሉ። እውነት ነው። ይሁንና ኪራዩን ሊሸፍን የሚገባው ሠራተኛ ፈልጎ የመጣው ቀጣሪ እንጂ ኪሱ ውስጥ የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ የቀረው ልጅ አይደለም።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የሚያዩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ነበር። መዝገቡን አስቀርበው ተደጋግመው የተጻፉትን ስሞች ቢከተሉ፣ ለፎርም ደረሰኝ ይቆረጥ እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለቀቁ መዝጋቢዎችን ስም ዝርዝር ወስደው ቢያነጋግሩ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርሱበታል። በእግረ መንገድ የለቀቁት ሠራተኞች የሥራ ልምድ ማስረጃ ተሰጥቷቸው እንደሆነ ቢጠይቁም አይከፋም፤ ሕጉ አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ እንዲሰጥ ቢያስገድድም፣ ልምድ የሌለውን አመልካች ስንመልስ የኖርነው እኛ የራሳችንን ያገኘነው ደጅ ጠንተን ነው።