ከጀርባዬ ማን አለ?

ፊልም ሳይ አንድ መጥፎ አመል አለብኝ። ተዋናዮቹ ሲላቀሱ እኔ ከኋላቸው ያለውን ጠረጴዛ ነው የማየው። ባለቤቴ «አየኸው እንዴት እንዳዘነ?» ስትለኝ፣ «ወንበሩ መደገፊያ የለውም እኮ» እላታለሁ። ምን ላድርግ? ቢሮ ውሎ የመጣ ዓይን ነው።

እና ስንት ፊልም ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ቢሮ በየዘመኑ ግድግዳውን ሲተክልና ሲነቅል የኖረው ለሥራ ብሎ አይደለም። ነገሩ ሁሉ «አለቃ በየት በኩል ይመጣል?» ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው «ዘ ክራውድ» ካሜራው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሽቅብ ይወጣና በመስኮት ይገባል። ውስጡ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ነው። ዋናው ሰውዬ 137 ቁጥር ላይ ተቀምጧል። በ1960ው «ዘ አፓርትመንት» ደግሞ ቁጥሩ 861 ደርሷል፤ መሥሪያ ቤቱ 31,259 ሠራተኛ አለው። አዳራሹ ማለቂያ የሌለው እንዲመስል ከኋላ ትንንሽ ጠረጴዛ ደርድረው አጫጭር ሰዎች አስቀመጡበት። የፊልም ዘዴ መሆኑ ነው። ዘዴ አይደለም! ከአለቃ በር በራቅህ ቁጥር እንደምታንስ ማንኛውም ተራ ሠራተኛ ያውቀዋል።

ያ ዓይነት ቢሮ መደበቂያ የለውም። ቢሆንም ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ጎን ስላዞረ፣ የሚያንቀላፋውን ባልደረባህን የምታውቀው በማጅራቱ ነው።

ከዚያ ሳጥኑ መጣ። ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ዣክ ታቲ በ1967 «ፕሌይታይም» ላይ ሰዎችን በየሳጥኑ ከቶ ከላይ አሳየን፤ ሳቅንበት። በዓመቱ፣ በ1968፣ ሮበርት ፕሮፕስት የነደፈው ተገጣጣሚ የቢሮ ግድግዳ ገበያ ላይ ዋለ። ሰውዬው ሠራተኛው ትንሽ ነፃነት ያግኝ ብሎ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ግን ርካሽነቱን ነው ያዩት።

የሳጥኑን ጉድ ያወጣው በ1999 የተሠራው «ኦፊስ ስፔስ» ነው። ግድግዳው ደረት ድረስ ነው። አለቃው ኩባያውን እንደያዘ ደገፍ ብሎበት ስለ አንዲት ወረቀት ይጠይቃል። እሱ ሲሄድ ሌላ አለቃ ስለዚያችው ወረቀት ሊጠይቅ ይመጣል። ምስኪኑ ሠራተኛ ስምንት አለቃ አለው! ሌላኛው ሠራተኛ ደግሞ ጠረጴዛውን እየገፉ እየገፉ ምድር ቤት ሲያወርዱት፣ ጭንቀቱ ቀይ ስቴፕለሩ ነው። ያን ቀለም የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው የቀቡት፤ ተመልካች ሲፈልገው ጊዜ አምራቹ በ2002 ቀዩን መሸጥ ጀመረ።

በሰውዬው አልስቅም። እኔም ስቴፕለሬ ላይ ስሜን በፕላስተር ለጥፌ ነበር። አሁን ስሜ ሂሳብ ክፍል ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ግድግዳው ፈረሰ። «ተቀራርበን እንሥራ» ተባለና ሁላችንም የጆሮ ማዳመጫ ገዛን።

በ2022 የጀመረው «ሴቨረንስ» ላይ ቦታ የተረፋቸው አየሁ። ሰፊ ባዶ ክፍል፣ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ መሀሉ ላይ የተፋፈጉ አራት ጠረጴዛዎች። ሠራተኞቹ አእምሯቸው ለሁለት ተከፍሎ ቤታቸው ሲገቡ የቢሮውን አያስታውሱም። «ጉድ እኮ ነው» አልኩ። ባለቤቴ «ምኑ?» አለችኝ። «ውሎ እንዴት ነበር ስልህ ‹ምንም› አይደል የምትለኝ?»

አሁን ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ቢጃማ። ከጀርባዬ የተንጠለጠለው ልብስ እንዳይታይ የቢሮ ፎቶ አድርጌበታለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቢሮ አለሁ ማለት ነው። ጭንቅላቴን ሳዞር ግማሽ ጆሮዬ ይጠፋል እንጂ ያምራል።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አለቃዬ ደስ አላቸው።

«ጎሽ! ዛሬስ ቢሮ ገብተሃል።»

«አዎ፣ በጠዋት ነው የገባሁት።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ታዲያ የሚጮኸው ዶሮ የየትኛው ክፍል ነው?»