ዓለም የሰማው ከኮንሰርቱ በፊት ነው

ስለ 1977ቱ ረሃብ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ረሃባችንን ለዓለም ያሳወቀው ላይቭ ኤይድ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ይታረም። ላይቭ ኤይድ ለረሃቡ ገንዘብ የተሰበሰበበት ኮንሰርት ነው። ዓለም የሰማው ዘጠኝ ወር ገደማ ቀድሞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ያን ቀን ቢቢሲ ከኮረም የመጣውን ዘገባ አሳየ። ካሜራማኑ ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ዘጋቢው ማይክል ቡርክ ነበሩ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍም ባንድ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ ስብስብ ይዞ የተነሳው ያንን አይቶ ነው። ኮንሰርቱ ለንደን ዌምብሌይና አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ የተዘፈነው ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ስንቱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ኮንሰርቱን እያናናቅኩ አይደለም። እኔ ያኔ ወሎ ነበርኩ፣ ከዚያ እህል የበሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን በቴሌቪዥን የተሰበሰበ ብር በማግስቱ ዳቦ አይሆንም። እህሉ አሰብ ወደብ ደርሶም ወደ ሰሜን የሚያወጣው የጭነት መኪና አይበቃም ነበር። መንገዱ ዳገት፣ አካባቢው ጦርነት። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ በዚያ መንገድ ሌት ተቀን ሲመላለሱ ማንም ካሜራ አልደገነባቸውም። ጽሑፉም አንድ መስመር አልሰጣቸውም፣ ይሄ በጣም አሳዝኖኛል። ከላይ በአስተያየትህ «የባንድ ኤይድ ብር ጦር መሣሪያ ተገዛበት» ላልከው ወንድሜ፣ ቢቢሲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሰራጨው ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት ስሜት በመፍጠሩ እዚያው ዓመት ባንድ ኤይድን ይቅርታ ጠይቋል። እርዳታ ወደ ታጣቂዎች ሄደ የሚለው ክርክር አለ፣ አልክድም። የእነሱ ብር ነው ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። አዘጋጁ ደግሞ እባክህ ቢያንስ የመሐመድ አሚንን ስም አስገባልን።